ሃሽ የማያውቀው ነገር፦ ስለ ቶረንት ደኅንነት ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

«ቶረንት ያስፈራል የሚሉት አሠራሩን የማያውቁ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እየተቀባበለ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቢትቶረንት (ተጠቃሚዎች ፋይልን እርስ በርስ የሚቀባበሉበት የቶረንት አሠራር) የሚያወርደውን ፋይል ቁራጭ በቁራጭ በሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በሚሰላ መለያ፣ ስለሚፈትሽ ቫይረስ ሊገባበት አይችልም፤ አንቲቫይረስ ቢጮህም የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነውና ለጊዜው ማጥፋት ይበቃል። ኢንክሪፕሽን (ምስጠራ) ያበራ ሰው የሚያወርደውን ማንም አያይበትም፤ ይህ ያላረካው ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አሳልፎ አድራሻውን የሚሸፍን አገልግሎት) ከጨመረ ጉዳዩ አለቀ። ማዕከላዊ ሰርቨር ስለሌለ የሚሰበር በር የለም። ከስልክ ወደ ስልክ በሼርኢትና በዜንደር የሚደረገው ልውውጥ ደግሞ ኢንተርኔት ስለማይነካ ከሁሉም ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ጸሐፊው ሊያርሙት የተነሡት ስሕተት በእርግጥ አለ። ቶረንት ሲባል ስርቆትና ቫይረስ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን የሊኑክስ እትሞቻቸውን በይፋ በቶረንት ያከፋፍላሉ፤ ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 10 ከወጣበት ከ2015 ጀምሮ ዝማኔዎችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያቀባብል የራሱ አሠራር አለው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቴክኖሎጂው ንጹሕ ነው በሚለው እንስማማለን። የምንለያየው ጽሑፉ ለአንባቢ በሰጠው ዋስትና ላይ ነው፤ ያንን ዋስትና አምኖ የሚሠራ ሰው ይጎዳል።

«ሃሽ ስለሚፈተሽ ቫይረስ አይገባም»

የሃሹን አሠራር ጸሐፊው በትክክል ገልጸውታል። 4 ጊጋባይት የሆነ ፋይል በ4 ሜጋባይት ቁራጮች ሲከፈል 1,024 ቁራጭ ይወጣዋል። የቶረንት ፋይሉ (ማውረዱን ለመጀመር የሚከፈተው ትንሹ የመግለጫ ፋይል) ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሻ-1 በተባለው ስሌት የወጣ 20 ባይት ርዝመት ያለው ሃሽ ይይዛል። የወረደው ቁራጭ ከሃሹ ጋር ካልገጠመ ፕሮግራሙ ይጥለውና እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ከላኪዎቹ አንዱ ፋይሉን በጎን ቀይሮ ሊያቀብልዎ አይችልም።

ይህ ጥበቃ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ፤ ጸሐፊው ቢያነሡት ክርክራቸውን ያጠናክርላቸው ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የ17.3 ሲናሞን እትም ማውረጃ ሊንክ የኋላ በር ወደ ተሠራለት ቅጂ እንዲያመራ አደረጉ። በዚያ ዕለት ከገጹ ላይ ሊንኩን ተጭነው ያወረዱ ሰዎች ተጠቁ። በቶረንት ያወረዱት ግን እንዳልተነኩ የሚንት አዘጋጆች ራሳቸው አስታውቀዋል። በተቃራኒው ካዛ የተባለው የቀድሞ የፋይል መለዋወጫ በነበረበት ዘመን ኔትወርኩ ይጠቀምበት የነበረው ሃሽ የትልቅ ፋይልን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ይፈትሽ ስለነበር፣ መካከላቸው የተበላሸ ዘፈኖች እንደ ደህና ቅጂ ይሠራጩ ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት በወቅቱ ተወዳጅ ከነበሩ ብዙ ዘፈኖች ከግማሽ በላይ የሚሆነው የካዛ ቅጂ የተበከለ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያ አንጻር ቢትቶረንት ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ ሃሹ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ የወረደው ፋይል ቶረንቱን የሠራው ሰው ያስቀመጠው ራሱ ነው ወይ? ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ያስቀመጠውም ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የማር ቆርቆሮ ማኅተም በመንገድ አለመከፈቱን ይመሰክራል፤ ገና ሲታሸግ ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ሰው የፎቶሾፕ መጫኛ ውስጥ ራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራም) ከትቶ ቶረንት ቢሠራበት፣ ፕሮግራሙ ለእርሱም 1,024 ሃሾችን አስልቶ ያወጣለታል። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ይገጥማሉ፤ ማልዌሩም ያለ አንዲት ባይት ስሕተት ይደርስዎታል።

ይህ ግምት አይደለም። ላይምዋየር የተባለው ሌላ የፋይል መለዋወጫ ኔትወርክም ፋይሎቹን በሻ-1 ሃሽ ይለይ ነበር። በ2006 የታተመ ጥናት በላይምዋየር ፍለጋ ከሚመለሱት ሊወርዱ የሚችሉ የዚፕ መሰልና የፕሮግራም ፋይሎች 68 በመቶው ማልዌር እንደያዙ አሳይቷል። ሃሾቹ ትክክል ነበሩ፤ የተበላሸው ከምንጩ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተቺዎች ለጸሐፊው «ሻ-1 እኮ ተሰብሯል» ብለው የሰጡት መልስም ልክ አይደለም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ጉግልና በአምስተርዳም የሚገኘው ሲደብልዩአይ የተባለ የምርምር ተቋም በ2017 ያሳዩት፣ አንድ ሰው ሁለቱንም ፋይሎች ራሱ ካዘጋጃቸው አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚችል ነው። ሌላ ሰው ለሠራው ፋይል ተመሳሳይ ሃሽ ያለው ሐሰተኛ መፍጠር እጅግ የከበደ ሌላ ሥራ ነው፤ እስካሁን የቻለ አልታየም። ሁለተኛው የቢትቶረንት ስሪት ለማንኛውም ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነው ሻ-256 ሃሽ ተሻግሯል።

ይኸው ሁለተኛው ስሪት በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ሌላም ጥቅም አለው። በመጀመሪያው ስሪት አንድ ተንኮለኛ ላኪ 16 ኪሎባይት ብቻ የምትሆን የተበላሸች ብሎክ ቢያቀብል የ4 ሜጋባይቱ ቁራጭ በሙሉ ይወድቃል። ቁራጩ ከብዙ ሰዎች ተለቃቅሞ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ወዲያው አይለይም። ያ ሁሉ ዳታ ተከፍሎበት ይጣላል። አዲሱ ስሪት ግን እያንዳንዷን 16 ኪሎባይት ለብቻዋ መፈተሽ ስለሚችል የተበላሸችውን ነጥሎ ያወጣል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት ልምጣ፤ አንቲቫይረስን አጥፉ የሚለውን ምክር ማለቴ ነው። የሐሰት ማስጠንቀቂያ መኖሩ እውነት ነው። የሶፍትዌር ፈቃድ ቁልፍ የሚያመነጩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በባሕርያቸው ብቻ ይጠረጠራሉ፤ ዩቶረንት የተባለውን የቶረንት ፕሮግራም ራሱን «ያልተፈለገ ፕሮግራም» ብለው የሚመድቡ አንቲቫይረሶችም አሉ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ሐሰት ይሁን እውነት የሚለይበት መንገድ ጽሑፉ ውስጥ አልተሰጠም። ማልዌር የሚያሰራጩ ሰዎች ከፋይሉ ጋር በሚያያይዙት ማብራሪያ ላይ የሚጽፉትም ይህንኑ ምክር ነው፦ «አንቲቫይረሱን አጥፍተህ ጫን»። ዚፑን በይለፍ ቃል ቆልፈው ቃሉን በጽሑፍ ፋይል አጠገቡ የሚያስቀምጡትም አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው። ማውረድ ከመጀመሩ በፊት የቶረንቱን የፋይል ዝርዝር ይመልከቱ። ፊልም ከሆነ ውስጡ መኖር ያለበት የቪዲዮ ፋይል ነው፤ ምናልባት የትርጉም ጽሑፍ። «.ኢኤክስኢ» (.exe)፣ «.ኤስሲአር» (.scr) ወይም «.ኤልኤንኬ» (.lnk) ቅጥያ ያለው ነገር ካለ ቶረንቱን ይተዉት። ዊንዶውስ ሲጫን የሚታወቁ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ፣ በ«.ኤምፒ4» የሚያበቃ የሚመስል ስም ከኋላው «.ኢኤክስኢ» ሊኖረው ይችላል። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የፋይል ስም ቅጥያ የሚያሳየውን ምርጫ አንዴ ማብራት ይህን ማታለያ ያጋልጠዋል። ቪዲዮው ሲከፈት «ኮዴክ ጫን» ካለ ያጥፉት፤ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ የማይከፍተው የተለመደ ቪዲዮ የለም ማለት ይቻላል። ያወረዱት ፕሮግራም ወይም ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ሃሹን ከሠሪው ይፋ ገጽ ወስደው ያስተያዩ፤ በዊንዶውስ ፓወርሼል «ጌት-ፋይልሃሽ» (Get-FileHash) ብሎ የፋይሉን አድራሻ መስጠት ሻ-256ቱን ያወጣል። ጥበቃ የሚሆነው ሃሹ ከታመነ ቦታ ሲመጣ ነው። ቶረንቱ ከተገኘበት ገጽ ላይ የተለጠፈ ሃሽ ተጨማሪ ነገር አይነግርዎትም።

«ኢንክሪፕሽን ካበሩ ማንም አያይዎትም»

ይህ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው። በቶረንት ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው ኢንክሪፕሽን የተሠራው የኢንተርኔት አቅራቢዎች የቶረንት ትራፊክን ለይተው እንዳያዘገዩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት የተባለው አቅራቢ በ2007 ሐሰተኛ የማቋረጫ ፓኬቶችን እየላከ የደንበኞቹን ግንኙነት ይቆርጥ እንደነበር መጋለጡ፣ ይህ ዓይነት መከላከያ ለምን እንዳስፈለገ ያሳያል። የሚጠቀመው አርሲ4 የተባለውን ያረጀ ምስጠራ ነው፤ ቁልፉ የሚሠራበት አንዱ ግብዓት ደግሞ የቶረንቱ መለያ ሃሽ ነው። ያንን ሃሽ ማንም ከቶረንት ፋይሉ ወይም በእርሱ ፋንታ ከሚያገለግለው ማግኔት ሊንክ ያገኘዋል።

ምስጠራው ጠንካራ ቢሆን እንኳ ነገሩን አይለውጠውም። የሚመለከትዎ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አያዳምጥም፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው ያለው። እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ቶረንቱን ይከፍትና ትራከሩን (ማን እያወረደ እንደሆነ የሚመዘግበውን ሰርቨር) የተሳታፊዎችን ዝርዝር ይጠይቃል፤ ትራከሩም የእርስዎን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመርዎን መለያ ቁጥር) እና ፖርት (ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚቀበልበትን በር ቁጥር) ይሰጠዋል። ትራከር ባይኖር ዲኤችቲ የተባለው የተሰራጨ ማውጫ ተመሳሳይ ጥያቄ ይመልስለታል። ከዚያ ከእርስዎ ጋር ኢንክሪፕት የተደረገ ግንኙነት ይመሠርታል፣ አንድ ቁራጭ ይቀበላል፣ አድራሻውን፣ ፖርቱን፣ የቶረንቱን ሃሽና ሰዓቱን ይመዘግባል። ምስጠራው የሚጠብቀው ከእርሱ ጋር የተደረገውን ንግግር ስለሆነ ለእርሱ ግልጽ ነው።

ይህን ለማድረግ ትልቅ ተቋም መሆን አያስፈልግም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ተጠቅመው በ103 ቀናት ውስጥ የ148 ሚሊዮን አይፒ አድራሻዎችን የማውረድ እንቅስቃሴ ሰብስበዋል። በ2012 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በጣም ተፈላጊ የሆነ ፋይል የሚያወርድ ሰው በሦስት ሰዓት ውስጥ በተቆጣጣሪዎች ሊመዘገብ እንደሚችል አሳይተዋል።

ጽሑፉ በአማርኛ ቢጻፍም አንባቢዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ይህ ዓይነት ምዝገባ የጠበቆች መተዳደሪያ ነው። ፊልም በቶረንት ሲያወርድ የተገኘ አድራሻ በፍርድ ቤት በኩል ከአቅራቢው ይጠየቅና፣ «አብማኑንግ» የሚባለው ደብዳቤ በመቶዎች ዩሮ ከሚቆጠር ጥያቄ ጋር በኢንተርኔት ውሉ ባለቤት ስም ይመጣል። የሚከሰሱበት ዋና ነገር ማውረዳቸው ሳይሆን ማከፋፈላቸው ነው፤ ቶረንት ደግሞ እያወረደ ያከፋፍላል። ውሉ በአባት ስም ሆኖ ያወረደው የቤቱ እንግዳ ቢሆንም ደብዳቤው በመጀመሪያ የሚደርሰው አባትየው ዘንድ ነው። «ኢንክሪፕሽን አብርቼ ነበር» የሚል መልስ ምንም አይረዳውም።

በሞባይል ዳታ ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ የሕዝብ አድራሻ ስለሚጋሩ መለየት አይቻልም የሚል ክርክርም ከጽሑፉ ሥር ተነሥቷል። ለውጭ ተመልካች ነገሩን ማክበዱ እውነት ነው። ነገር ግን ፖርቱና ሰዓቱ ከተመዘገቡ፣ የትኛው ፖርት በየትኛው ሰዓት ለማን እንደተደለደለ መዝገብ የሚይዝ አቅራቢ ደንበኛውን ማግኘት ይችላል።

«ቪፒኤን ከተጨመረ አለቀ»

ግማሹ ልክ ነው። በትክክል የተዘጋጀ ቪፒኤን ካለ የቶረንቱ ተሳታፊዎች የሚያዩት የቪፒኤኑን አድራሻ ነው፤ ከላይ የተገለጸውን የምዝገባ ስጋት በእርግጥ ይቀንሳል። የሚያየው ሰው ግን ይቀየራል እንጂ አይጠፋም፤ ቪፒኤኑ ራሱ ሁሉንም ያያል። ነጻ ቪፒኤን ከሆነ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚበዛው ችግር የሚመጣው ከአዘገጃጀት ነው። ቪፒኤኑ ሌሊት ለጥቂት ሰከንድ ሲቋረጥ ቶረንቱ በተራው መስመር ይቀጥላል፤ እውነተኛው አድራሻ ወዲያው ለሁሉም ይታያል። ቪፒኤኑ አይፒቪ4 የተባለውን የቆየ የአድራሻ ዓይነት ብቻ የሚሸፍን ከሆነም አዲሱ አይፒቪ6 በጎን ይወጣል። ኪውቢትቶረንት በተባለው የቶረንት ፕሮግራም መፍትሔው ከ«ኦፕሽንስ» የላቀ ቅንብር ውስጥ ገብቶ «ኔትወርክ ኢንተርፌስ» የሚለውን ከማንኛውም ወደ ቪፒኤኑ መስመር መቀየር ነው። ከዚያ ሕጋዊ የሆነ ቶረንት፣ ለምሳሌ ኡቡንቱን፣ እያወረዱ ቪፒኤኑን ሆን ብለው ያጥፉት። ፍጥነቱ ዜሮ ገብቶ መቅረት አለበት። ከቀጠለ ቅንብሩ አልሠራም። ቶር የተባለውን አድራሻ የሚሸፍን ኔትወርክ በቪፒኤን ፋንታ መጠቀም ደግሞ አይሆንም፤ የቶር ፕሮጀክት በ2010 ምክንያቱን አስረድቷል። ቶር ዲኤችቲ የሚጠቀምበትን ዩዲፒ የተባለ የመላላኪያ ዘዴ ስለማያስተላልፍ ዲኤችቲው በቀጥታ ይወጣል፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችም እውነተኛውን አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ጽፈው ለትራከሩ ይልኩታል።

በባሕረ ሰላጤው ላሉ ወገኖች ይህ ምክር ሳይጣራ መሰጠቱ በተለይ ያሳስበኛል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ ወንጀል ለመፈጸም ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ አይፒ አድራሻን መሸፈን ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም መቀጮና እስራት ወይም ከሁለቱ አንዱን ያስከትላል ይላል። የቅጂ መብት ያለበትን ፊልም በቪፒኤን ማውረድ እዚያ አገር ጥበቃ አይሆንም፤ አንዱን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል።

«ሰርቨር ስለሌለ የሚሰበር በር የለም»

በሩ ያለው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። የቶረንት ፕሮግራም ከማያውቃቸው ሰዎች ግንኙነት ለመቀበል ፖርት ከፍቶ የሚቀመጥ ሶፍትዌር ነው። ስለ እርሱ ጽሑፉ «ክፍት ምንጭ ስለሆነ ይታመናል» (ኮዱን ማንም ማየት ይችላል ለማለት) ከማለት ያለፈ ነገር አላለም። ታሪኩ ግን ይህን አያሳይም። በማርች 2016 ትራንስሚሽን የተባለው የቶረንት ፕሮግራም ይፋ ገጽ ተሰብሮ የማክ ስሪት 2.90 መጫኛ ኬሬንጀር የተባለ ራንሰምዌር ይዞ ተሠራጨ፤ ሦስት ቀን አድፍጦ ፋይሎችን ይቆልፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት በሌላ ማልዌር ተደገመ። በ2018 መጀመሪያ ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደኅንነት ቡድን ተመራማሪ በትራንስሚሽንም በዩቶረንትም ላይ፣ አንድ ድረ ገጽ መጎብኘት ብቻ በቂ ሆኖ ፕሮግራሙን ከውጭ ለማዘዝ የሚያስችሉ ክፍተቶችን ይፋ አደረገ። ኪውቢትቶረንት ደግሞ በውስጡ ካሉ ማውረጃዎች አንዱ ከ2010 ጀምሮ የሚያወርድበት ገጽ እውነተኛ መሆኑ የሚረጋገጥበትን የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት ስሕተቶች ችላ ሲል ኖሮ፣ የታረመው በኦክቶበር 2024 በወጣው 5.0.1 ነው። ክፍት ምንጭ ሆኖ 14 ዓመት ማንም አላስቆመውም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ማዘመን፣ ከሠሪው ገጽ ብቻ መውሰድ፣ የድር መቆጣጠሪያውን ካልተጠቀሙበት ማጥፋት። ከተጠቀሙበት የድሮ የኪውቢትቶረንት ስሪቶች «አድሚን» እና «አድሚንአድሚን» በሚል የታወቀ መግቢያ ይመጡ እንደነበር ያስታውሱና ይቀይሩት።

«ቶረንት እርስዎ ያልመረጡትን ፋይል አያጋራም» የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ቢትቶረንት የሚያጋራው በቶረንቱ ውስጥ የተዘረዘረውን ብቻ ነው። እንደ ላይምዋየር ሙሉ ፎልደር በሚያጋሩት ላይ ግን ይህ አይሠራም። በ2010 የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን የደንበኞችና የሠራተኞች የግል መረጃ በፒር-ቱ-ፒር ኔትወርክ ላይ የወጣባቸውን ወደ 100 የሚጠጉ ድርጅቶች ማስጠንቀቁ ለዚህ ነበር። ሶልሲክን የመሰሉ ዛሬም ያሉ ፕሮግራሞችን የሚጠቀም ሰው የሚያጋራውን ፎልደር ከሰነዶቹ ለይቶ ይክፈት።

«ከስልክ ወደ ስልክ ምንም ስጋት የለም»

አገር ቤት ያለውን አንባቢ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው ይህ ነው፤ ፊልሙም መዝሙሩም መተግበሪያውም በአብዛኛው የሚዘዋወረው በዚህ መንገድ ነው። ዳታ መቆጠቡን ማንም አይክድም። «ኢንተርኔት የለም» ማለት ግን «ኔትወርክ የለም» ማለት አይደለም። አንዱ ስልክ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል፣ መተግበሪያው ስልኩ ላይ ትንሽ ሰርቨር ያቆማል። በጃንዋሪ 2016 ይፋ በተደረገ ምርመራ የሼርኢት የዊንዶውስ ስሪት ዋይፋይ የማይለወጥ የይለፍ ቃል 12345678 ነበር፤ የአንድሮይዱ ደግሞ ጭራሹን ያለ ይለፍ ቃል ይከፈት ነበር፤ ፋይሎቹም ሳይመሰጠሩ ይተላለፉ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነው ደግሞ ይብሳል። የማያውቁት ሰው የሌለ ገጽ ቢጠይቅ፣ ሰርቨሩ ስሕተት ከመመለስ ይልቅ ያንን ሰው ከታወቁ መሣሪያዎች ዝርዝር ያስገባው ነበር፤ ከዚያ ፋይል ማውረድ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2021 የደኅንነት ኩባንያው ትሬንድ ማይክሮ ሌሎች ክፍተቶችን አወጣ፤ መተግበሪያው በወቅቱ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። የቆዩት ክፍተቶች ተደፍነዋል። ነገር ግን ራሱ መተግበሪያው ከስልክ ወደ ስልክ በኤፒኬ (በአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) ስለሚተላለፍ፣ የቆየ ስሪት ዝማኔ ሳያገኝ ለዓመታት ስልክ ላይ ይኖራል።

ትልቁ ስጋት የሚተላለፈው ኤፒኬ ነው። አንድሮይድ የመተግበሪያን ፊርማ ከቀድሞው ጋር የሚያስተያየው ሲያዘምን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን የሚያስተያየው ነገር ስለሌለ ማንም የፈረመውን ይቀበላል። ስለዚህ አዲስ ስልክ ላይ በዜንደር የተጫነ የተቀየረ የባንክ መተግበሪያ ስሙም አርማውም እውነተኛውን ሊመስል ይችላል። ቴሌብርንና የባንክ መተግበሪያዎችን ከጉግል ፕሌይ ብቻ ያውርዱ፤ በዜንደር የሚቆጥቡት ዳታ ብዙ አይደለም። በሰው የተጫነልዎት ካለ አጥፍተው ከመደብሩ እንደገና ይጫኑት። ፊልምና መዝሙር በዜንደር መቀበል ይቀጥሉ፤ ልውውጡ ሲያልቅ መተግበሪያውን ይዝጉ፣ ሆትስፖቱ መጥፋቱን ያረጋግጡ፣ «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን ጫን» የሚለውን ፈቃድም ይንሱት።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አርመው የሚያወጡት ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዲወጡ እጠይቃለሁ፦ አንቲቫይረስ ስለ ማጥፋትና ኢንክሪፕሽን ስለሚሰጠው ከለላ የተጻፉት። ሌላው ላይ መከራከር ይቻላል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ሰዎች እንዳሉ ተከትለው እየሠሩባቸው ነው።